ገመዱን የያዘው ማን ነበር

«ተቀመጪ እንጂ! ደግሞ ምን ሆንሽ?» ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ክንዷን ይዛ ወደ ፍራሹ መለሰቻት። «ሻይ የሚቀዳ ከሆነ እኔ እቀዳለሁ። በር የሚከፈት ከሆነም እኔ አለሁ። አንቺ ዛሬ ሥራ የለብሽም።»

«ዛፉን ልየው ብዬ ነው።»

«ዛፉ የት ይሄድብሻል?»

ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሚስትየው ከነጋ ሦስት ጊዜ ልትነሳ ሞክራ ሦስቴም ተይዛ ተቀምጣለች። በቀኟ ልብስ ሰፊዋ፣ በግራዋ የባሏ ታላቅ እህት ሆነው በመሃላቸው እንደ ታጠፈ ብርድ ልብስ ተሸጉጣለች። የባሏን እህት ከሙሽርነቷ ጀምራ «እትዬ» ነው የምትላቸው። እትዬ ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። ጉልበታቸው ጉልበቷን እየነካ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይውላሉ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ፍራሾቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው መሃል ላይ እግር ማሳረፊያ የምታህል ቦታ ብቻ ቀርታለች። የመጣ ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል፤ አየሩ ያልቃል። የቀራት ነገር ፊት ለፊቷ ያለው መስኮት ነበር። በመስኮቱ ግቢው ይታያል፤ ከግቢው በላይ የግራቪሊያው ዛፍ።

ባሏ ዛፍ ከርካሚ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዛፍ ሲያስተካክል የራሱ ግቢ ዛፍ ወረፋ ሲጠብቅ ኖረ። በተለይ ከቤቱ ቆርቆሮ በላይ የተንጋለለው ትልቁ ቅርንጫፍ። «እሱን በሚቀጥለው እሑድ» ይል ነበር። ስንት እሑድ አለፈ።

አሁን ለለቀስተኛው ጥላ ተብሎ ግቢው ላይ ሸራ ሲወጠር አንደኛው ማዕዘን የታሰረው እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸራው ይነፋና ቅርንጫፉን ይጎትተዋል። ትናንት ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ክር የምታህል ነጭ መስመር አይታ ነበር። ዛሬ መስመሯ ጣት አክላለች። ከቅርንጫፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ሸራውን ያሰረው የባሏ የልብ ወዳጅ አናጢው ነው። ሊያጽናናት ጎንበስ ሲልላት እጁን ያዘች።

«ወንድሜ፣ ያ ቅርንጫፍ ተሰንጥቋል። ሸራውን ፍታው። ሰዉንም ከሥሩ አንሳ።»

አናጢው በመስኮቱ አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር ምንም ያየ አይመስልም። «አይዞሽ እህቴ» አላት። «ኀዘን ያላዩትን ያሳያል። እሱ ዛፍ እኛን ሁሉ ይቀብራል።»

«እኔስ የምልህ እሱን አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ ጭኗን መታ መታ አደረገቻት። «እስቲ ትንሽ ቅመሽ። ባዶ ሆድ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ።»

ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

«ገመዱን የያዘችው እሷ ናት አሉ።»

«ሁልጊዜስ እሷ አይደለችም?»

«አንዱ ጫፍ ወገቡ ላይ ታስሮ ነው የተገኘው። ሌላው ጫፍ ሣር ላይ ተዘርግቶ። እሷ አጠገቡ ተንበርክካ።»

«እንግዲያ ለቃዋለች በያ።»

እትዬም ሰምተዋል። ጉልበታቸውን ከጉልበቷ ትንሽ ራቅ አደረጉ።

*

ሰፈሩ ባሏን «ጦጣው» ይለው ነበር፤ እሱም አይከፋውም። «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉት «ከፍ ዝቅ ይላል» ብሎ መጀመሪያ የሚስቀው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያንኑ ቀልድ ቀለደ። ሚስትየው ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ስቃ አታውቅም፤ እሱ ግን በየጊዜው ፊቷን ዞር ብሎ ያይ ነበር፣ ምናልባት ዛሬ ብትስቅ ብሎ።

በተጋቡ በዓመቱ ዛፍ መውጣት ያስተማራት በዚሁ ግራቪሊያ ላይ ነው። ያኔ ግንዱ እንደ ሰው ወገብ ነበር።

«ሁለት እጅ አለሽ፣ ሁለት እግር አለሽ» አላት። «ከአራቱ ሦስቱ ሁልጊዜ ዛፉን ይያዙ። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን ባንዴ ካነሳሽ ዛፍ መውጣት ቀርቶ መብረር ጀምረሻል።»

መጋዙንም ሲሰጣት እንዲሁ ነበር። «መጀመሪያ ከታች። ሲሶውን ከታች ቁረጪና ከዚያ ከላይ ነይበት። ከላይ ከጀመርሽ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቆዳ ገፎ ነው የሚወርደው።» ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን እብጥ ያለ ቦታ በአውራ ጣቱ እያሻሸ፣ «ይሄ አንገቱ ነው። አንገቱን እንዳትነኪበት። ቁስሉን የሚዘጋው በዚህ ነው» አላት። የሚናገረው ስለ እንጨት ነበር፤ አነጋገሩ ግን ስለታመመ ዘመድ የሚያወራ ይመስል ነበር። ሚስትየው ከልቧ የወደደችው ያን ቀን ነው።

በኋላ ግን እሷ ከታች ቀረች። ገመድ የሚይዝለት አጥቶ አይደለም፤ ሰው ተቀጥሮ ነበር፤ አንዱ ሲያዛጋ አባረረው፣ ሌላው ስልኩን ሲያይ። «ገመድ የያዘ ሰው ዓይኑ ከላይ ነው» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት የያዘችለት እሷ ናት። አንገቷ ወደ ኋላ መታጠፍ ለምዶ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ስታስብ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

*

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባች። በሩን ስትዘጋ ለሦስት ቀን ያላገኘችውን ብቸኝነት አገኘች፤ እሱም ቢሆን ስፋቱ ሁለት ክንድ ነበር።

«ደህና ነሽ?» ልብስ ሰፊዋ ከውጭ።

«ደህና ነኝ።»

ቧንቧውን ከፍታ ውሃው ሲወርድ አየችው። እዚያ ቆማ ነው ያን ንጋት እንደገና ያየችው።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነበር። አንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ሆኖ ግራ እግሩ መርገጫ ሲፈልግ አየች። ቅርንጫፉ እዚያው ነበር፤ እግሩ ግን እንደ ዓይነ ስውር እጅ አየሩን ዳሰሰ። በሳምንቱ ደግሞ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። እሱ መጋዙን ቀጠለ፤ እሷም ገመዱን ያዘች። ሦስተኛ ጊዜ ስታይ ግን ቤት ገብተው ጫማውን ሲያወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ ገመድ አልይዝም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አርጅተሃል።»

ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀበት። «ካልያዝሽልኝ እንዴት ልወጣ ነው?»

«አትወጣም። እሱን ነው የምልህ።»

ሁለት ቀን ተኳርፈው ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ። በር ላይ ቆም ብሎ ጠበቃት። እሷ ሰሃን ታጥባለች፤ ዞር አላለችም።

«ቅርብ ነው፣ አንድ መንገድ ማዶ» አለ። «ትንሽ አቮካዶ ናት። በመሰላል አልቃለሁ።»

ሰሃኑን አስቀመጠች፤ ሌላ ሰሃን አነሳች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የዚያ ግቢ ዘበኛ እየሮጠ መጣ። ስትደርስ መሰላሉ እርጥብ ሣር ላይ ተንሸራቶ ወድቋል። የወደቀበት ከፍታ ከቤት በር አይበልጥም ነበር። ገመዱን ከልማዱ ወገቡ ላይ አስሮታል፤ ሌላውን ጫፍ ሣሩ ላይ ጥሎታል፤ ሁልጊዜ እሷ ከምትቆምበት ርቀት ላይ። ሰው ሲሰበሰብ ተንበርክካ አገኛት። ማንም አልጠየቀም። እሷም አልተናገረችም።

«ደህና ነሽ ወይ?» በሩ ተንኳኳ።

ቧንቧውን ዘጋች። ለቅቄው ነው ብትል ነፍሰ ገዳይ ናት። አልነበርኩም ብትል ደግሞ ባሏን ብቻውን የላከች ናት። ብትይዝለት ኖሮ ነገም ይወጣ ነበር፣ ከነገ ወዲያም፣ ያ እግር አየር እስኪረግጥ። ከየትኛው በኩል ብትዞር ያው ግድግዳ ነው። ፊቷን ሳትታጠብ ወጣች።

*

ከቀትር በኋላ ነፋሱ በረታ። ሸራው አንዴ ተነፍቶ ጧ ሲል ለቀስተኛው ሻዩን ከነብርጭቆው በእጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ ነው ድምፁ የመጣው፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ እንደ አሮጌ በር። እርጥብ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ያቃስታል። ይሄን የምታውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አንድ እሷ ብቻ ነበረች።

ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ልትይዝ ስትል አልቆመችላትም። የሰው እግር እየረገጠች ወጥታ ከጓሮ ካለችው የዕቃ ክፍል ገባች፤ ስትመለስ ከጥቁር ቀሚሷ ሥር የባሏን የሥራ ሱሪ ለብሳ፣ ቀበቶውን ታጥቃ፣ ሁለት ገመድና መጋዝ ይዛ ነበር።

«ኸረ ጉድ!» አለ አንዱ።

«አብዳለች፣ ያዟት!»

አናጢው ሮጦ ፊቷ ቆመ። «እህቴ፣ ሰው ምን ይላል? ነገ ሰው እናስመጣለን።»

«ማንን? በዚህ ሰፈር ዛፍ የሚወጣ አንድ ሰው ነበር። ከትናንት በስቲያ ቀበርከው።»

አናጢው ቀና ብሎ አየ፤ አሁን ዓይኑ ደረቅ ነበር። ስንጥቁ ሁለት ጣት ያስገባል። የአናጢው ፊት ገረጣ። «እንግዲያ እኔ ልውጣ» አለ።

«አንተ የምትሠራው የተኛ እንጨት ነው። ሸራውን ቶሎ ፍታ። ሰዉን ወደ አጥሩ ውሰደው። ቤት ውስጥ ያለውንም አውጣ፤ ከወደቀ ጣሪያው ላይ ነው።»

ግቢው ተተረማመሰ። ወንበር ተነሳ፣ ፔርሙዝ ተገለበጠ። እሷ መሰላሉን ስንጥቁ በሌለበት በኩል አስጠግታ ከግንዱ ጋር አሰረችው። ገመዱን ወደ ላይ ወርውራ በሦስተኛው ሙከራ ጤነኛ የቅርንጫፍ መንታ ላይ አሳለፈችው፤ አንዱን ጫፍ ቀበቶዋ ላይ ቋጠረች። ሌላውን ይዛ ዞር አለች። አናጢው እጁን ዘረጋ።

«እኔ ነኝ የምይዘው።»

እትዬ ነበሩ። ለሦስት ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲያነሱ የኖሩበትን ክንድ አውጥተው ቆመዋል። «እስቲ ገመድ እንዴት እንደሚያመልጥ እኔም ልየው።»

ሚስትየው ገመዱን አየች፣ እትዬን አየች። ከዚያ በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«አንድ ዙር በግንዱ ሥር ያዙሩት፤ ክብደቱን ግንዱ ያግዝዎታል። ስወጣ ይሰብስቡ፣ ስወርድ ቀስ ብለው ይልቀቁ። ዓይንዎን ከእኔ አይንቀሉ፤ ሰው ቢጠራዎትም።»

ወጣች። እግሯ አልረሳም፤ ትንፋሿ ግን ረስቷል። ከመሰላሉ ጫፍ በላይ ስትደርስ ቆማ ግንዱን አቀፈች። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ቅርንጫፍ በሁለተኛው ገመድ ከላይኛው ግንድ ጋር አሰረችው፤ ቢከዳ እንኳ ግንዱን ሰንጥቆ እንዳይወርድ። ከዚያ ከጫፉ ጀመረች። የሰነፍ ሰው ሐሳብ ከግንዱ አጠገብ አንዴ ቆርጦ መገላገል ነው፤ የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ግን ሸክሙ ከጫፍ እየተቀነሰለት ነው የሚወርደው። ከታች ሲሶ፣ ከዚያ ከላይ። የመጀመሪያው ቁራጭ ቅጠሉን እያንሿሿ ግቢው መሃል አረፈ። ሁለተኛው አጥሩን ለጥቂት ሳተ።

እጇን ለማሳረፍ ቆም ብላ ወደ ታች አየች። እትዬ ገመዱን ጨብጠው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ነበር። ከላይ ሲታዩ ሰውነት የላቸውም። ፊት ብቻ ናቸው፤ ወደ ላይ የተንጋለለ አንድ ፊት፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ። ሚስትየው መጋዟን ዝቅ አደረገች። ሃያ ስድስት ዓመት ባሏ ያየው የነበረው ይሄንን ነው። የእሷን ፊት። ቁልቁል ባየ ቁጥር እሷ እዚያ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እሱ የሚያየው ዛፍ ብቻ ይመስላት ነበር።

«ቶሎ በይ!» አሉ እትዬ።

መጋዟን አነሳች። የመጨረሻው ቁራጭ ወፍራሙ ነው። ከአንገቱ ውጭ ከታች ቆረጠች፣ ከላይ መጣችበት። ቅርንጫፉ አቃሰተ፣ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ጓ! ብሎ ተላቀቀ። ያሰረችው ገመድ ያዘው። ከሸክሙ የተገላገለው ግንድ ግን እንደ ደነገጠ በቅሎ ዘለለ፣ እሷም ከነመጋዟ ከመርገጫው ተወረወረች።

ወደቀች፤ አንድ ክንድ ያህል፣ ምናልባት ሁለት። ሰዉ ጮኸ። ቀበቶው ወገቧን ቆረጣት፣ መጋዙ ከእጇ አምልጦ ወረደ፣ እሷም አየር ላይ ቆመች። እግሯ መርገጫ ሲፈልግ አየችው፤ የእሱን እግር ይመስል ነበር። ከታች እትዬ ግንዱ ላይ በጉልበታቸው ተደግፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ ገመዱን ይዘዋል።

*

ሲመሽ ሰዉ ሳሳ። ሸራው አሁን ከግድግዳው ጋር ታስሯል። አናጢው የወደቀውን እንጨት በአጥሩ ሥር ይደረድራል፤ ለማንም ሳይናገር፣ እያንዳንዱን በእጁ እየደባበሰ። ሚስትየው ተመልሳ እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ያው ግድግዳ፣ ያው መስኮት። ከጎኗ ያሉት እትዬ ብቻ ናቸው። የእትዬ መዳፎች በገመዱ ተልጠው ሥጋቸው ቀልቷል። ሚስትየው የቫዝሊን ቆርቆሮ ከፍታ ቀኝ እጃቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ትቀባለች።

«ከባድ ነሽ» አሉ እትዬ።

«አዎ።»

«እሱ ደግሞ ካንቺ ይከብዳል።»

«አዎ።»

እትዬ የተላጠ መዳፋቸውን አዩ። «ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት ለቀቀችው ስል ሰነበትኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ስትወድቂ ገመዱ በእጄ ላይ ሮጠ፤ እኔ ሳልፈልግ ሮጠ። የሰው እጅ ብረት አይደለም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምልጦሻል። ይቅር ብዬሻለሁ። ሰዉም ይሄንኑ ከእኔ ይስማ።»

«አሜን» ብትል ያበቃ ነበር። በሩ ተከፍቶላታል፤ ቀሪው መውጣት ብቻ ነው። ሚስትየው መዳፉን መቀባቷን አቆመች።

«አላመለጠኝም፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አልያዝኩትም። እዚያ አልነበርኩም። ገመድ አልይዝልህም ብዬው ቤት ቀረሁ። ካልያዝኩለት አይወጣም ብዬ ነው። በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ዞር አላልኩለትም።»

እትዬ እጃቸውን ወሰዱ። ሁለቱንም መዳፎች ጭናቸው ላይ ገልብጠው ወደ በሩ ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ ፔርሙዝ ይዛ ገባች፣ ሁለቱን አየት አየት አድርጋ ሻይ ቀዳች፣ ቀስ ብላ ወጣች። እንፋሎቱ እስኪጠፋ ድረስ ማንም ብርጭቆ አላነሳም። ውጭ አናጢው የመጨረሻውን እንጨት አስቀመጠ።

«ለምን ነው አልይዝም ያልሽው?» አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።

«እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ለኔ አልነገረኝም።»

«ለኔም አልነገረኝም። አይቼው ነው።»

እትዬ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ዝቅ አለ። በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ከበሩ ሳይመልሱ፣ ግራ እጃቸውን አንስተው የተላጠውን መዳፍ ወደ ላይ አድርገው በሚስትየው ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ይሄኛውም ያቃጥለኛል» አሉ።

ሚስትየው ጣቷን ቫዝሊኑ ውስጥ ነከረች።